ከአምቦ መውጣትና ወደ አምቦ መግባት፤ ስለ ምዝገባ ቀን ታሪክ አጭር ጥናት

አዲስ ተማሪ ወደ ከፍተኛ ትምህርት ቤት በሚገባበት ቀን ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠየቀው ስሙን ነው። ስሙ በመዝገብ ከሰፈረ በኋላ መታወቂያና የመኝታ ክፍል ቁጥር ይሰጠዋል፤ ቀጥሎም በአዳራሽ ተሰብስቦ ስለ ሕግና ደንብ ገለጻ ይሰማል። ይህ ሁሉ የጽሕፈት ቤት ሥራ ብቻ ስለሚመስል ከታሪክ የሚቈጥረው ሰው ጥቂት ነው። ነገር ግን ያ ተማሪ ከሬጅስትራሩ መስኮት ፊት እስኪቆም ድረስ በየት መንገድ እንደ መጣና ማን እንደ መረጠው ብንጠይቅ ከአገራችን የትምህርት ታሪክ ብዙውን ክፍል እናገኛለን። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ይህንኑ በአምቦና በምዕራብ ሸዋ ከተሞች ምሳሌነት ማስረዳት ነው።

አምቦ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 114 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ ከተማ ናት፤ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ሀገረ ሕይወት ትባል ነበር። በ1939 ዓ.ም. የእርሻ ትምህርት ቤት ስለ ተከፈተባት ከብዙ የክፍለ ሀገር ከተሞች ቀድማ የትምህርት ከተማ ሆነች። ሆኖም ትምህርት ቤቱ የሁለተኛ ደረጃ ስለ ነበረ ዲግሪ የሚሻ ልጅ ከተማዪቱን ለቆ መሄድ ነበረበት። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ትምህርት ጀመረ። በእርሻ ዲግሪ የሚሰጠው ኮሌጅ ደግሞ በ1944 ዓ.ም. ከአሜሪካው የኦክላሆማ የእርሻ ኮሌጅ ጋራ በተደረገው ስምምነት ተቋቁሞ መጀመሪያ በጅማ፤ ከ1949 ዓ.ም. ወዲህ በዓለማያ ማስተማር ጀመረ። እንግዲህ የእርሻ ትምህርት ቤት ባለባት ከተማ ያደገ ልጅ የእርሻን ዲግሪ ለማግኘት አዲስ አበባን አልፎ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምሥራቅ መጓዝ ነበረበት ማለት ነው።

በአምቦ አጠገብ በቦዳ የተወለደው ጸጋዬ ገብረ መድኅንም በልጅነቱ በአምቦ ከተማረ በኋላ ወደ አዲስ አበባ ንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ሄደ፤ ከዚያም በቺካጎ ሕግ አጠና። ለአገሩ ልጆች ከፍተኛ ትምህርት ማለት በግንጪ፣ በአዲስ ዓለምና በሆለታ አልፎ መውጣት ነበር። የምዝገባቸው ቀንም የሚጀምረው በኮሌጁ በር ሳይሆን ከወላጅ ጋራ በሚሰነባበቱበት በአውቶቡሱ ደጃፍ ነበር።

ይህ ነገር የተለወጠው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። የአምቦው ትምህርት ቤት በየጊዜው ደረጃው ከፍ እያለ ሄዶ በ1990ዎቹ ዓመታት አጋማሽ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሆነ፤ በ2000ዎቹም መጀመሪያ ሙሉ ዩኒቨርሲቲ ለመባል በቃ። ዛሬ በአምቦ ከተማ ካሉት ግቢዎች ሌላ በጉደርና በወሊሶ ቅርንጫፎች አሉት። የመንገዱም አቅጣጫ ተገለበጠ፤ ከየክፍለ አገሩ የተመደበው ተማሪ በጥሪው ማስታወቂያ እንደ ታዘዘው የትምህርት ማስረጃውንና ጉርድ ፎቶግራፉን፤ አንሶላውንና ብርድ ልብሱን ይዞ ወደ አምቦ ይገባል።

የአንደኛው ዓመት ትምህርት ራሱ የተረጋጋ ታሪክ የለውም። በቀድሞው ዩኒቨርሲቲ ፍሬሽማን የሚባለው የጋራ ትምህርት በ1990ዎቹ ዓመታት ከዩኒቨርሲቲ ወጥቶ በመሰናዶ ስም ወደ 11ኛና ወደ 12ኛ ክፍል ወረደ፤ በ2012 ዓ.ም. ደግሞ ተመለሰ። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ በተሰጠው የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈተኑት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ስለ ሆኑ ሪሚዲያል የሚባል የማካካሻ ትምህርት ታወጀ። ስለዚህ በአንድ ግቢ ከተመዘገቡት መካከል ተማሪነቱ የጸናለትም፤ ገና በፈተና የሚለይም አለ።

በዚህ ሁሉ መካከል ያልተለወጠ አንድ ነገር አለ። ተማሪው ምርጫውን በተራ ጽፎ ያቀርባል፤ የሚመደብበትን ቦታ የሚወስነው ግን መሥሪያ ቤት ነው። እኔ ከሚስዮን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ወጥቼ ለመመዝገብ በመጣሁ ጊዜ በአምቦ መናኸሪያ አንድ የግንጪ ገበሬ ልጃቸውን ወደ ጎንደር ሲሸኙ አየሁ። በዚያው ሰዓት ከጎንደር የመጣ ልጅ ሻንጣውን ተሸክሞ የዩኒቨርሲቲውን መንገድ ጠየቃቸው። አፋን ኦሮሞ ስለማያውቅ ተቸግሮ ነበርና እኒያ አባት በእጃቸው አመለከቱት፤ ከዚያም ወደ እኔ ዘወር ብለው፣ «ልጄም እዚያ ስትደርስ የሚያሳያት ሰው ታገኝ ይሆን?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ጥያቄያቸው ከንቱ ሥጋት አልነበረም። በ2012 ዓ.ም. በአንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች በተነሣው ግጭት ተማሪዎች ሞተዋል፤ ብዙዎችም ግቢውን ጥለው ወደ ወላጆቻቸው ተመልሰዋል። በአምቦም በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. የአዲስ አበባን ማስተር ፕላን በመቃወም የተነሣው የተማሪዎች እንቅስቃሴ ከግቢ ወደ ከተማ ተዛምቶ የሰው ሕይወት ጠፍቶበታል። የግቢው አጥር ተማሪውን ከከተማው፤ ከተማውንም ከተማሪው እንደማይለይ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያሻም።

ቢሆንም እኔ የሰማሁት ገለጻ ስለ ነጥብ አቈጣጠር፣ ስለ ቤተ መጻሕፍትና ስለ ወጪ መጋራት ውል ነበረ። እነዚህ ሁሉ ያስፈልጋሉ፤ ስለ አምቦ ሕዝብ፣ ስለ ቋንቋውና ስለ ከተማዪቱ ታሪክ ግን አንድም ቃል አልተነገረም። ቀድሞ የአምቦ ልጅ በሰው አገር እንግዳ ነበረ፤ ዛሬ አምቦ ራስዋ ባለ ቤት ሆናለች። እንግዳው ወዶ ያልመረጠውን ቦታ ወዶ እንዲኖርበት ማድረግ የሬጅስትራሩ ሥራ ብቻ አይደለም። ከእርሱ አንድ ዓመት ቀድመን በዚያው ሰልፍ የቆምን እኛ ነባር ተማሪዎች በሚመጣው የምዝገባ ቀን በመናኸሪያው ተገኝተን መንገዱን ልናሳየው ይገባናል።