የከብቱ ደስታ ጠፋ፣ የልጁ ኩፍኝ ቀረ

ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ያለውን ዘመን ኢትዮጵያውያን «ክፉ ቀን» ይሉታል። መነሻው የከብት በሽታ ነው። የታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚያስረዱት የኢጣሊያ ጦር ለስንቁ በምጽዋ ወደብ ያስገባቸው ከብቶች በሽታውን ይዘው ገቡ። በሽታው ከባሕር ጠረፍ ወደ ደጋው ወጥቶ ሸዋን አዳረሰ፤ አሥር ዓመት ሳይሞላው ደቡብ አፍሪካ ደረሰ።

አንኮበር መናገሻነቱን ለእንጦጦ ከለቀቀ ገና ጥቂት ዓመታት አልፈውታል። ዛሬ የወረዳው ዋና ከተማ ጎረቤላ ያለችበት ያ ደጋ ገብሱንም ባቄላውንም የሚያገኘው በበሬ ጉልበት ነው። ከአገሪቱ ከብት ከአሥሩ ዘጠኙ እንዳለቀ ይገመታል። በሬ ሲያልቅ ማረሻ ቆመ፤ ድርቁ፣ አንበጣውና ተምቹም ተጨመረበት። ምኒልክ ሕዝቡን ለማበረታታት ራሳቸው ዶማ ይዘው ቆፈሩ። ከሕዝቡ ሲሶው አለቀ የሚሉ የታሪክ ሰዎች አሉ።

ያ በሽታ በአማርኛ የከብት ደስታ ይባላል። እንዲህ ያለ ስም ተሸክሞ ያን ያህል ያስለቀሰ በሽታ የለም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ይገባል። እረኛው ከታመመው ከብት ጋር ውሎ አድሮ፣ የሞተውን ጎትቶ፣ ቆዳውን ገፎ በበሽታው አልተያዘም። ሰውን የፈጀው ረሃቡና ረሃቡን ተከትለው የመጡት ሌሎች ወረርሽኞች ናቸው። ይሁን እንጂ የዚያ ቫይረስ ወንድም በሰው ልጆች መካከል ከብዙ ዘመን ጀምሮ ይኖራል። ስሙ ኩፍኝ ነው። ሁለቱ ከአንድ ግንድ የወጡ ናቸው፤ በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት የተለያዩት ከክርስቶስ ልደት በፊት በስድስተኛው መቶ ዓመት ገደማ ሊሆን እንደሚችል አመልክቷል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሁለቱም የሚሠሩት በአንድ ዘዴ ነው። ቫይረስ በራሱ መራባት አይችልም። የኩፍኝ ቫይረስ ያለው ስድስት ጂን ብቻ ሲሆን የሰው ልጅ ግን ወደ ሃያ ሺህ የሚጠጋ አለው። የጎደለውን ሁሉ የሚያሟላው ከገባበት ሕዋስ ነው። ለመግባትም ሆነ ለመውጣት በሰውየው ፕሮቲን ይጠቀማል።

የመግቢያውን ፕሮቲን የጃፓን ተመራማሪዎች በ2000 አገኙት። በምህጻረ ቃል «ስላም» ይባላል። የበሽታ መከላከያ ሕዋሳት በላያቸው ይሸከሙታል፤ ሥራውም ሕዋሳቱ እርስ በርስ እንዲግባቡ ማድረግ ነው። ቫይረሱ በትንፋሽ ሲገባ ይህንኑ ፕሮቲን ይይዝና በራሱ በዘበኛው ጀርባ ታዝሎ ወደ ሰውነት ይዘልቃል። እዚያም ያለፉ በሽታዎችን የሚያስታውሱትን ሕዋሳት ይገድላል። በ2019 የወጣ ጥናት ኩፍኝ የያዛቸው ያልተከተቡ ልጆች ቀድሞ ካካበቱት ፀረ እንግዳ አካል ከ11 እስከ 73 በመቶ የሚሆነውን እንዳጡ አሳይቷል። ልጁ ከኩፍኙ ቢድን እንኳ ለሳንባ ምችና ለተቅማጥ ተጋልጦ የሚቀረው በዚህ ምክንያት ነው።

የመውጫው ፕሮቲን ኔክቲን-4 ነው። የመተንፈሻ አካልን የሚሸፍኑ ሕዋሳት አንዱ ከሌላው ጋር የሚያያዙበት ነው። ቫይረሱ ከውስጥ በኩል ይህን ይዞ ወደ አየር ቧንቧ ይወጣል፤ ልጁ ሲያስል ደግሞ ወደ ሌላው ልጅ ይሻገራል። የከብት ደስታም በከብቱ ውስጥ የሚጠቀመው በእነዚሁ ፕሮቲኖች፣ በከብቱ አምሳያዎቻቸው ነው።

ኔክቲን-4 የኩፍኝ መውጫ መሆኑ የታወቀው በ2011 ነው። በዚያው ዓመት የከብት ደስታ ከምድር ገጽ መጥፋቱ ለዓለም ታወጀ። ከፈንጣጣ ቀጥሎ የሰው ልጅ ያጠፋው ሁለተኛው በሽታ መሆኑ ነው። ጠፊው ቫይረስ እነዚህን በሮች ማወቅ ሳያስፈልግ ነበር የተሸነፈው። ያሸነፈው በኬንያ በዋልተር ፕሎራይት የተሠራው ክትባት፣ እርሱንም ከብቱ ያለበት ድረስ ያደረሱት ሰዎች ናቸው።

ከአንኮበር ጠርዝ ቁልቁል የሚታየው የአፋር ቆላ የዚህ ታሪክ የመጨረሻ ምዕራፍ ነው። ቫይረሱ በኢትዮጵያ መጨረሻ ላይ ከተሸሸገባቸው ቦታዎች አንዱ ነበር። መንገድ የለም፣ ማቀዝቀዣ የለም፣ አርብቶ አደሩ ከቦታ ቦታ ይዘዋወራል። መፍትሔው ያለ ማቀዝቀዣ ለሳምንታት የሚቆይ ክትባት ማዘጋጀትና አፋሮቹን ራሳቸውን አሠልጥኖ ከብታቸውን እንዲከትቡ ማድረግ ነበር። በ1990ዎቹ አጋማሽ በሽታው ከአፋር ጠፋ።

ኩፍኝ ግን አለ። በኢትዮጵያ በቅርብ ዓመታት እንኳ ደጋግሞ ተነሥቷል። ክትባቱ ከ1963 ጀምሮ በእጅ ያለ ነው። ቫይረሱ በተፈጥሮ የሚኖረው በሰው ላይ ብቻ ስለሆነ የሰውን ሰንሰለት ከቆረጡበት የሚሸሸግበት ሌላ እንስሳ የለውም። በሰው ፕሮቲን ላይ ያን ያህል መሠልጠኑ ጉልበቱ ነው፤ ድክመቱም እርሱ ነው።

ሥራው ቀላል ነው ማለት አይደለም። ኩፍኝ እጅግ ተላላፊ ስለሆነ ከመቶ ልጆች ዘጠና አምስቱ ሁለት ጊዜ መከተብ አለባቸው፤ በኢትዮጵያ መጀመሪያ በዘጠኝ ወር፣ ከዚያ በአሥራ አምስት ወር። ክትባቱ ከተበጠበጠ በኋላ በስድስት ሰዓት ውስጥ ካላለቀ ይጣላል። ስለዚህ ለአንድ ልጅ የአሥር ልጅ ብልቃጥ ለመክፈት የሚያመነታ ጤና ጣቢያ ይኖራል፤ እናትም ሰዓታት በእግሯ ተጉዛ «ሌላ ቀን ነይ» ተብላ ትመለሳለች። ግጭት መንገድ ሲዘጋ ደግሞ ያ ሌላ ቀን አይመጣም።

ለከብቱ የተደረገው ለልጁም ሊደረግ ይችላል። ማቀዝቀዣ የማይሻ፣ መርፌ የማይሻ የኩፍኝ ክትባት ለመሥራት ምርምሩ ቀጥሏል። እስከዚያው ድረስ አፋር ላይ የታየው ትምህርት ይበቃል፦ ክትባቱ ወደ ሰዉ ሄደ እንጂ ሰዉ ወደ ክትባቱ አልተጠራም። በሬውን ያዳነ አገር ልጁን የማያድንበት ምክንያት በቫይረሱ ውስጥ አይገኝም።