ነጭ ዓሣ የሚያልፍባቸው በሮች
የጣና የወንዝ አፎችና የአስጋሪዎቹ ታሪክ

ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር በደረሰ ጊዜ በጣና ዳርቻ ስለሚኖሩት ወይጦዎች ለማወቅ ብርቱ ጉጉት አደረበት። ቋንቋቸው በአገሩ ከሚነገሩት ሁሉ ፈጽሞ የተለየ እንደሆነ ሰምቷል። ንጉሡን ለምኖ ሁለት ወይጦዎችን አስጠራ። ሰዎቹ ግን ትሰቀላላችሁ ተብለው እንኳ አንድም መልስ አልሰጡም፤ የተጠየቁትም የገባቸው አይመስልም ነበር። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሌሎች አጥኚዎች ሲመጡ ወይጦዎቹ የሚናገሩት አማርኛ ሆኖ አገኙት። ቋንቋው በቅጡ ሳይመዘገብ ጠፍቶ ነበር።

ከቋንቋው ጋር ስንት የሐይቁ እውቀት አብሮ እንደሄደ ሳስብ ያንገበግበኛል። ጣናን የእነሱን ያህል የሚያውቅ አልነበረም። ጉማሬ ያድናሉ፣ ዓሣ ያሰግራሉ፣ ከደንገል ታንኳ ይሠራሉ። ጎረቤቶቻቸው ጉማሬ በመብላታቸው ይጸየፏቸው፣ ከማዕዳቸውም ያርቋቸው ነበር፤ የሚሠሩትን ታንኳ ግን መላው የሐይቁ ዳርቻ ይፈልገው ነበር። ከደሴቶቹ ገዳማት የሚመጡት መነኮሳት የሚሻገሩት፣ ከዘጌ ወደ ባሕር ዳር እንጨት የሚጓጓዘው በእሱ ነው። ዳንግላ ተቀምጦ የነበረው የብሪታንያ ቆንስል ቺዝማን እ.ኤ.አ. በ1936 ስለ ጣናና ስለ ዓባይ ያሳተመውን መጽሐፍ ያዘጋጀው በከፊል በዚያው ታንኳ እየተጓዘ ነበር።

ስለ ጣና ዓሣ ሲወራ ታንኳ ቀድሞ መነሣቱ ያለ ምክንያት አይደለም። ደንገል ውኃ ይጠጣል። ጥቂት ከቆየ ከውኃው ወጥቶ ፀሐይ ላይ መድረቅ አለበት፤ ሳምንታት ካለፉ በኋላም እየከበደ ሄዶ በሌላ ይተካል። ማዕበል በተነሣ ጊዜ በደንገል ታንኳ ወደ መሀል ሐይቅ የሚገባ የለም። ስለዚህ አስጋሪው ለዘመናት ከዳርቻው አልራቀም፤ የሚይዘውም ለቤቱና ለቅርብ ገበያ የሚበቃውን ያህል ነበር። ሐይቁን የጠበቀው ሕግ ሳይሆን የመጓጓዣው ድካም ነበር ማለት ይቻላል።

ጣና ሰፊ ነው፤ ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ወይም የሚበልጥ ስፋት አለው። ጥልቀቱ ግን በአማካይ 8 ሜትር፣ ቢበዛ 14 ሜትር ገደማ ነው። የሚገባበትን ውኃ አብዛኛውን የሚያመጡት አራት ወንዞች ናቸው፦ ግልገል ዓባይ በደቡብ፣ ጉማራና ርብ በምሥራቅ በፎገራ ሜዳ በኩል፣ መገጭ በሰሜን ከጎንደር ወገን። የማስገሪያ ቦታዎቹን ዝርዝር የሚመሩትም እነዚሁ ናቸው። ጎርጎራ፣ ደልጊ፣ ቁንዝላ፣ የዘጌ ዳርቻ፣ የደቅ ደሴት ዙሪያ፣ ከዓባይ መውጫ አጠገብ ያለው ውኃ፣ ሁሉም ዓሣ ይሰጣሉ። እንደ አራቱ ወንዞች አፍ የሚሆን ግን የለም፤ በክረምት መግቢያ ላይ ነጭ ዓሣው የሚሰበሰበው እዚያ ነውና።

ሦስቱ የገበያ ዓሦች ቆሮሶ፣ አምባዛና ነጭ ዓሣ ናቸው። ነጭ ዓሣ ብለን በአንድ ስም የምንጠራው ግን አንድ አይደለም። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ አንዳንዶቹን ለሳይንስ አስተዋወቀ። በፋሺስት ወረራ ዘመን እ.ኤ.አ. በ1937 ጣናን ሊያጠና የመጣው የጣሊያን ቡድን ሌሎች አከለ፤ አንዱ ዝርያ ጎርጎራን ተከትሎ ጎርጎሬንሲስ ተብሏል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ደግሞ የሆላንዱ ቫግኒንገን ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች፣ በተለይ ናገልኬርከና ሲቢንግ፣ ከኢትዮጵያውያን ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው አስጋሪዎቹ በዓይን የሚለዩዋቸውን መልኮች መረመሩና 15 ዝርያዎች መኖራቸውን አሳወቁ። አብዛኞቹ በሌላ የዓለም ክፍል አይገኙም። ወደ 40 ሜትር የሚወረወረው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታች ያለውን ዓሣ ወደ ላይ እንዳይወጣ ስለከለከለው፣ የጣናዎቹ ለብቻቸው ተራብተው ለብቻቸው ተለያዩ። ስምንቱ ሌላ ዓሣ የሚበሉ ናቸው። በመንጋጋቸው ጥርስ፣ በሆዳቸውም ጨጓራ በሌለው፣ ነጭ ዓሣ በሚመደብበት የዓሣ ቤተሰብ ዘንድ ይህ እጅግ ብርቅ ነገር ነው። በፊሊፒንስ ላናኦ ሐይቅ የነበረው ተመሳሳይ የዓሣ ስብስብ ከጠፋ ወዲህ በዓለም ላይ የቀረው ትልቁ ምስክር ጣና ነው።

ለውጡ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። ኡርክ ከምትባለው የሆላንድ የዓሣ አስጋሪዎች ከተማ የመጣ የአብያተ ክርስቲያናት በጎ አድራጎት ድርጅት ከኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንና ከግብርና ሚኒስቴር ጋር በመተባበር ሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ አመጣ። ሐሳቡ ቅን ነበር፤ አገሪቱን ከመታው ረሃብ ማግሥት ለድሃ አስጋሪ ገቢ፣ ለአገሩም ምግብ ማምጣት። ፍሬም አፍርቷል። ጥናቶች እንደመዘገቡት እ.ኤ.አ. በ1987 39 ቶን የነበረው የዓመት ምርት በ1997 360 ቶን ደረሰ።

ነገር ግን ሞተሩ የወንዞቹን አፍ ከባሕር ዳር ገበያ ጋር አገናኘ። ወንዝ የሚወጣው ነጭ ዓሣ ከሰኔ ጀምሮ ወንዙ አፍ ላይ ተሰብስቦ ይጠብቃል፤ ጎርፉ ሲበረታ ሽቅብ ወጥቶ በገባሮቹ ጥርት ያለ ውኃ ውስጥ ጠጠር ላይ ይጥላል። ጉዞው የሚበረታው በነሐሴና በመስከረም ነው። በዚያ ሰዓት አፉ ላይ መረብ የዘረጋ ሰው የሚይዘው ዕንቁላል የያዘችውን እናት ነው። ወደ ላይ በገባሮቹ ደግሞ የብርብራ ፍሬ ተወቅጦ ውኃ ውስጥ ይበተናል፤ ትልቁም ትንሹም ሰክሮ ይንሳፈፋል። እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 በተደረገው ክትትል ወንዝ የሚወጡት ነጭ ዓሦች ብዛት በሦስት አራተኛ ቀነሰ። ቆሮሶ ይህ ሁሉ አልደረሰበትም፤ እዚያው ዳርቻው ላይ ይራባል፣ እናቲቱም ዕንቁላሉን በአፏ ይዛ ታሳድጋለች። በአንድ በር ተጨናንቆ ማለፍ የለበትም።

የሞተር ጀልባውን የሚወቅሱ አሉ። እኔ ጥፋቱ ከጀልባው ላይ ነው ብዬ አላምንም፤ ጀልባው ሲመጣ የማስገሪያ ወቅትን የሚወስን ሕግ አብሮ አለመውጣቱ ነው የጎዳው። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 የወጣው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። ነጭ ዓሣው በእጅጉ ከተመናመነ በኋላ ማለት ነው። አራቱ የወንዝ አፎች ከሰኔ እስከ ጥቅምት ለመረብ ዝግ ቢሆኑና የመዝጋቱ ኪሣራም በአስጋሪው ጫንቃ ላይ ብቻ ባይጣል ነገሩ ሥርዓት ይይዛል። ጾሙን ላለማደር የሚያሰግረውን ሰው ዝም ብሎ መከልከል ፍትሕ አይደለም።

የወንዞቹ ጉዳት ግን መረብ ብቻ አይደለም። የፎገራን እርሻ የሚያጠጣው የርብ ግድብ የመውጫውን መንገድ ቆርጧል፤ ከርብና ከጉማራ አሸዋና ጠጠር ይጫናል፣ ከተራቆተው ኮረብታ የሚወርደው ደለልም የቀረውን ጠጠር ይሸፍናል። እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ የታየው እንቦጭ የተባለ የውኃ አረም በተለይ የሰሜን ምሥራቁን ዳርቻ ወሮ አስጋሪውን መንገድ አሳጥቶታል። ጣና እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ሪዘርቭ ሆኖ ተመዝግቧል። አረሙ እየተስፋፋ ያለው ከዚህ ክብር በኋላም ነው።

አንድ ነገር ለተመጋቢው ልተው። ጾመ ፍልሰታ የሚውለው ነሐሴ ውስጥ ነው፣ ነጭ ዓሣ ወንዝ በሚወጣበት ወቅት። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለሊቃውንቱ እተወዋለሁ። የሚበላው ሰው ግን በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ባሕር ዳር ገበያ ወርዶ ነጭ ዓሣ ሳይሆን ቆሮሶ ቢጠይቅ፣ ሻጩ የሚያመጣውን ይለውጣል፤ አስጋሪውም መረቡን የሚዘረጋበትን ቦታ።