የማይታየው ተሸካሚ
(ስለ በር ሞላ ታሪክና ስለሚያሻው ጥንቃቄ)



በር ሰውን ከሌባና ከብርድ ይጠብቃል። ነገር ግን በሩ ራሱ ባለቤቱን የሚጎዳበት ጊዜ አለና፣ ጠባቂያችንንም ቢሆን ጠባዩን ማወቅ ይገባናል። ዛሬ የምንነጋገረው ወደ ላይ ስለሚከፈተው የላሜራ በር ነው። ይህ በር በፒያሳ መደብሮች ፊት ማታ ማታ እየተንኳኳ ሲወርድ፣ በየመኖሪያ ቤቱም የመኪና ማቆሚያውን ሲዘጋ እናየዋለን። ይልቁንም የንግግራችን ዋና ነገር ክብደቱን ተሸክሞ ሳይታይ ስለሚኖረው ሞላ ነው።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር የቤቶቿ በር እንጨት ነበር። በአራዳ፣ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ግርጌ በነበረው ታላቅ ገበያ ዙሪያ የሕንድ፣ የአርመንና የግሪክ ነጋዴዎች ሱቅ በከፈቱ ጊዜም እንጨቱ አልቀረም። የእንጨት በር ክብደት በመቃኑና በማጠፊያው ላይ በግልጽ ያርፋል። ማጠፊያው ሲላላ በሩ ያዘነብላል፤ መሬቱን እየፋቀ ይጮኻል፤ ባለቤቱም ጥፋቱን ሰምቶ አናጢ ይጠራል። እንዲህ ያለው በር ሳያስጠነቅቅ የሚያደርሰው አደጋ እምብዛም ነው።

በ1900 ዓ.ም. ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ለዳግማዊ አፄ ምኒልክ አውቶሞቢል ይዞ አዲስ አበባ ገባ። የባቡሩ ሐዲድ በ1909 ዓ.ም. ከተማይቱ ከደረሰ በኋላ ደግሞ ከባድ ዕቃና መኪና ማስመጣት እየቀለለ ሄደ። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የወረራ ዘመን ጣሊያኖች የአራዳን ገበያ ወደ ምዕራብ አዛውረው ዛሬ መርካቶ የምንለውን ሠፈር አቋቋሙ፤ የቀድሞው ሥፍራም ፒያሳ የሚለው ስም ጸናለት። ወራሪው ተባርሮ ሲወጣ የእጅ ሥራው ቋንቋ ግን ከእኛ ዘንድ ቀረ። ሞላ፣ ላሜራ፣ ቡሎን፣ ኩሽኔታ፣ ፑሌጃ፣ ካቻቪቴ የምንላቸው ሁሉ ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው፤ ጋራዥ ደግሞ ከፈረንሳይኛ ነው። በደጃዝማች ውቤ ስም በሚጠራው በጎረቤቱ ሠፈር፣ በውቤ በረሃ፣ የመሸታ ቤቱ በር የሚከፈተው የፒያሳ መደብሮች በራቸውን በሚያወርዱበት ሰዓት ነበር።

እንግዲህ ወደ ሥራው ጥበብ እንለፍ። የመደብሩ ተጠቅላይ በር ከላይ በአግድም በተዘረጋ ዘንግ ላይ ይጠቀለላል። በዘንጉ ላይ፣ እንደ ሰዓት ሞላ የተጠመጠመ ሰፊ የብረት ጥፍጥፍ አለ። በሩ ሲወርድ ሞላው ይጠብቃል፤ ሲወጣም ያጠራቀመውን ኀይል መልሶ ሰውን ያግዛል። የመኪና ቤት በር ደግሞ በጎንና በጎን ባለው ሐዲድ ላይ ይንሸራተታል። ይህን ዓይነቱን ወደ ላይ የሚነሣ የጋራዥ በር ጆንሰን የተባለ አሜሪካዊ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1921 ሠራው፤ በ1926ም የሚከፍተውን የኤሌክትሪክ ሞተር አከለበት። የዚህ በር ሞላ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ከበሩ በላይ ባለው ዘንግ ላይ የሚጠመዘዘው ነው፤ ሁለተኛው በሐዲዶቹ አጠገብ የሚለጠጠው ነው።

ሮበርት ሁክ የተባለው እንግሊዛዊ ሊቅ በ1678 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ሞላ በተሳበ መጠን የሚመልሰው ኀይል እንዲሁ እንደሚያድግ አስረዳ። ስለዚህ በሩ 80 ኪሎ ቢመዝን፣ ባለቤቱ በአንድ እጁ ቀለል አድርጎ የሚያነሣው ክብደቱ ስለ ጠፋ አይደለም፤ ሞላው ስለ ተሸከመለት ነው። ሞላው ከሁሉ ይበልጥ የሚጨነቀውም በሩ ተዘግቶ ጸጥ ብሎ በቆመ ጊዜ ነው። ይህን ነገር አጥብቃችሁ ያዙት፤ የአደጋው ሁሉ ምንጭ እርሱ ነውና።

ሞላ የሚሰበረው ለምንድን ነው? በ1842 ከቬርሳይ ወደ ፓሪስ ይመለስ የነበረ ባቡር የሎኮሞቲቩ ዘንግ ተሰብሮ ከ50 በላይ መንገደኞች አለቁ። እንዲህ ያለው የዘንግ መሰበር የዘመኑን መሐንዲሶች አሳሰባቸው። ጀርመናዊው አውጉስት ቨለር ከ1850ዎቹ እስከ 1870 ባደረገው ምርመራ፣ ብረት አንድ ጊዜ በደኅና የሚችለው ጭነት እልፍ ጊዜ ሲመላለስበት እንደሚሰብረው በቁጥር አሳየ። ይህም የብረት ድካም ይባላል። የተለመደው የጋራዥ በር ሞላ የሚሠራው 10,000 ጊዜ ያህል መከፈትና መዘጋት እንዲችል ተደርጎ ነው። ጧት ወደ ሥራ የሚሄድ፣ ለምሳ የሚመለስ፣ ከሰዓት በኋላም እንደገና የሚወጣና የሚገባ ሰው በሩን በቀን 4 ጊዜ ይከፍታል፤ ይዘጋል። 10,000 ለ4 ሲካፈል 2,500 ቀን ነው፤ 7 ዓመት አይሞላም። ዝገት ያገኘው ሞላ ደግሞ ከዚያም በፊት ይሰበራል።

ምልክቱ ይህ ነው። እንደ ጥይት ያለ ድምፅ ይሰማል፤ በሩ ድንገት ይከብዳል፤ ወይም በአንድ ወገን ይንጋደዳል። ከዘንጉ ላይ ያለውን ሞላ ቀና ብላችሁ ብታዩት፣ በጥምጥሙ መካከል ጥቂት ጣት የሚያህል ክፍተት ታገኛላችሁ። በዚህ ጊዜ ሞተሩን አታስነሡ። በሩ ተዘግቶ እንደ ሆነ መኪናውን ከውስጥ ትታችሁ አንድ ቀን በታክሲ ወደ ቢሮ መሄድ ይሻላል፤ ስለ ማርፈድ አለቃን ይቅርታ መጠየቅ እጅን ከማጣት ይቀላልና። በሩ ተከፍቶ ሳለ ሞላው ተሰብሮ እንደ ሆነ ግን ማንም ከሥሩ እንዳያልፍ ልጆችን አርቁ፤ ከሞተሩ የተንጠለጠለውን የመልቀቂያ ገመድም አትሳቡ፤ በሩ በሙሉ ክብደቱ ይወርዳልና።

የቤቱ ባለቤት በገዛ እጁ ሊሠራው የሚገባ ሥራም አለ። በየጥቂት ወሩ ሞላውንና ኩሽኔታውን በዘይት ማራስ፣ የሽቦ ገመዱ መበጣጠሱን ማየትና የሐዲዱን ቡሎኖች ማጥበቅ የእርሱ ድርሻ ነው። በደኅናው ጊዜም በሩን ዘግቶ ከሞተሩ ያላቀው፤ በእጁም እስከ ወገቡ ያንሣውና ቀስ ብሎ ይልቀቀው። ባለበት ቢቆም ሞላው ደኅና ነው፤ ቢወርድ ወይም ወደ ላይ ቢሸሽ ባለሙያ ይጥራ። የሚለጠጠው ሞላ በውስጡ የሚያልፍ የደኅንነት ገመድ ከሌለው፣ ሲሰበር እንዳይፈናጠር ያ ገመድ ይግባለት። ይህን ሞላ ለመለወጥ በሩ ፈጽሞ ተከፍቶ፣ በሁለቱም ሐዲዶች ላይ በጠንካራ መቆንጠጫ ተይዞ፣ ሞተሩም ከኤሌክትሪክ ተነቅሎ መሆን አለበት፤ ሞላው የሚላላው ያን ጊዜ ብቻ ነውና። ከሁለት ሞላ አንዱ ቢሰበር ሁለቱንም መለወጥ ይገባል፤ ዕድሜያቸው አንድ ነው።

የተጠመዘዘውን ሞላ ግን አትንኩ። በጫፉ ባሉት ቀዳዳዎች ካቻቪቴ ወይም ቁራጭ ፌሮ ሰክቶ ለመፍታት የሚሞክር ሰው፣ ያ ብረት ካመለጠው በሩን ያነሣ የነበረውን ኀይል በእጁና በፊቱ ይቀበላል። ባለሙያው ለቀዳዳው ልክ የተሠሩ ሁለት ዘንጎች አሉት፤ አንዱን ሳይሰካ ሌላውን አይነቅልም። በበሩ ታችኛ ማዕዘን የሽቦ ገመዱ የታሠረበት ማያያዣም እንዲሁ ነው፤ ቡሎኑ ተራ መስሎ ቢታይም የሞላው ኀይል ሁሉ በእርሱ ላይ ታስሯል።

በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ሥራ ምክንያት ከፒያሳ አሮጌ ቤቶች ብዙዎቹ ፈርሰዋል። ቤት ሲፈርስ በሩ ይነቀላል፤ ለቆራሌው ወይም ለሌላ ባለ ሱቅ ይሸጣል። ነገር ግን ላሜራው ቢወሰድ እንኳ በዘንጉ ላይ ያለው ሞላ ሳይላላ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ አሮጌ ተጠቅላይ በር የምታስነቅሉ፣ የምትገዙ ወይም የምትሸጡ ሁሉ፣ ከማንኛውም ሥራ በፊት ሞላው በባለሙያ እጅ እንዲላላ አድርጉ። የሸክሙን ቦታ ሳያውቁ ሸክሙን መፍታት የለምና፣ በሩን ከመንካታችሁ አስቀድሞ ክብደቱን ማን እንደ ያዘው መርምሩ።