የአርክቲክ ምሽት ጉብኝትና እራት፦ የትሮምሶ ከተማ ተሞክሮ

በሰሜናዊ ኖርዌይ በምትገኘው የትሮምሶ ከተማ ከኅዳር አጋማሽ እስከ ጥር መጀመሪያ ባሉት ሰባት ሳምንታት ገደማ ፀሐይ ከአድማስ በላይ አትወጣም። ይህ የጨለማ ወቅት ቀደም ባሉት ዓመታት ለቱሪዝም የማይመች ተደርጎ ይታይ ነበር። አሁን ግን በዚሁ ወቅት በየምሽቱ አውቶቡሶችና ሚኒባሶች እንግዶችን አሳፍረው ከከተማዋ ወደ ገጠር ይወጣሉ። የጉዞው ዓላማ በሳይንሳዊ ስሙ ኦሮራ ቦሪያሊስ፣ በተለምዶ ደግሞ የሰሜን ብርሃን ተብሎ የሚጠራውን የተፈጥሮ ትዕይንት መመልከት ሲሆን፣ በመካከሉ በእሳት ዳር የሚቀርብ እራት አለ።

አገልግሎቱን ከሌሎች የቱሪዝም አገልግሎቶች የሚለየው ዋነኛው መስህብ በማንም ቁጥጥር ሥር አለመሆኑ ነው። ብርሃኑ ሊታይም ላይታይም ይችላል። በመሆኑም አስጎብኚው በእርግጠኝነት ሊያቀርብ የሚችለው መጓጓዣውን፣ ሙቀቱን፣ ምግቡን፣ መስተንግዶውንና ትክክለኛ መረጃን ብቻ ነው። የአገልግሎቱ ጥራትም የሚመዘነው በእነዚሁ ነው።

የከተማዋ አቀማመጥ

ትሮምሶ ከአርክቲክ ክበብ በስተሰሜን 350 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በደሴት ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። የኖርዌይ የአርክቲክ ዩኒቨርሲቲና የአርክቲክ ምክር ቤት ቋሚ ጽሕፈት ቤት መቀመጫም ናት። ከሰሜን አትላንቲክ የሚመጣው ሞቃታማ የውቅያኖስ ጅረት የአካባቢውን ብርድ ስለሚያለዝበው፣ የጥር ወር አማካይ የሙቀት መጠን ከዜሮ በታች 4 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው። ከባሕሩ ራቅ ባሉት ሸለቆዎች ግን ብርዱ ከዜሮ በታች ከ20 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል።

የጉብኝቱ ወቅት በአብዛኛው ከመስከረም አጋማሽ እስከ መጋቢት አጋማሽ ይዘልቃል። ከግንቦት አጋማሽ እስከ ሐምሌ አጋማሽ ፀሐይ ሌሊትም ስለማትጠልቅ ብርሃኑን ማየት አይቻልም።

የትሮምሶ የክረምት ቱሪዝም በተለይ ካለፉት ሁለት አሥርት ዓመታት ወዲህ በፍጥነት አድጓል። ለዚህ ከሚጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ እንግሊዛዊቷ ተዋናይ ጆአና ላምሊ እ.ኤ.አ. በ2008 በቢቢሲ ቴሌቪዥን ያቀረበችው የሰሜን ኖርዌይ የጉዞ ፊልም ነው።

የብርሃኑ ምንነት

የሰሜን ብርሃን መነሻው ፀሐይ ናት። ከፀሐይ የሚፈልቁ በኤሌክትሪክ የተሞሉ ጥቃቅን ቅንጣቶች በአብዛኛው በሴኮንድ ከ300 እስከ 800 ኪሎ ሜትር እየተጓዙ ወደ ምድር ይደርሳሉ። ምድር በዙሪያዋ ያላት የመግነጢስ መስክ አብዛኞቹን ወደ ጎን ሲመልሳቸው፣ በመስኩ ውስጥ የተከማቸው ኃይል ደግሞ ኤሌክትሮኖችን ወደ ሁለቱ ዋልታዎች አካባቢ ይገፋል። እነዚህ ኤሌክትሮኖች በከባቢ አየር ውስጥ ካሉ ጋዞች ጋር ሲጋጩ ጋዞቹ ብርሃን ይሰጣሉ።

በብዛት የሚታየው አረንጓዴ ቀለም ከመሬት ከ100 እስከ 150 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ካለው ኦክስጅን የሚመነጭ ነው። ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ያለው ኦክስጅን ቀይ፣ ናይትሮጅን ደግሞ ሰማያዊና ወይን ጠጅ ቀለም ይሰጣል። ትዕይንቱ በብዛት የሚከሰተው ዋልታውን እንደ ቀለበት በከበበ ሰቅ ውስጥ ሲሆን፣ ትሮምሶ በዚህ ሰቅ ሥር ትገኛለች። የፀሐይ እንቅስቃሴ ደካማ በሆነበት ጊዜም እንኳ ብርሃኑ በከተማዋ ሰማይ ላይ ሊታይ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለ ክስተቱ ዘመናዊ ዕውቀት መሠረት ከጣሉት መካከል ኖርዌያዊው የፊዚክስ ሊቅ ክርስቲያን ቢርክላንድ ይጠቀሳሉ። ቢርክላንድ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ በአልታ አቅራቢያ በሃልዴ ተራራ ላይ የምርምር ጣቢያ አቋቁመው ነበር። በቤተ ሙከራም አየር አልባ በሆነ ዕቃ ውስጥ ባስቀመጡት መግነጢሳዊ ሉል ላይ ኤሌክትሮኖችን በመልቀቅ ሰው ሠራሽ ኦሮራ አሳይተዋል። ከመግነጢስ መስክ ጋር ተያይዞ ወደ ዋልታ የሚወርድ የኤሌክትሪክ ፍሰት አለ የሚለው ሐሳባቸው ለረጅም ጊዜ ተቀባይነት ባያገኝም፣ በኋላ በሳተላይት መረጃ ተረጋግጦ ፍሰቱ በስማቸው ተሰይሟል። የኖርዌይ መንግሥትም እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ ለበርካታ ዓመታት ባገለገለው የ200 ክሮነር የገንዘብ ኖት ላይ ምስላቸውን አትሞላቸዋል።

ብርሃኑን የሚፈጥረው ማዕበል ከዋልታው ርቆም ይሰማል። የምድር የመግነጢስ ወገብ ኢትዮጵያን አቋርጦ የሚያልፍ በመሆኑ፣ ከዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት እ.ኤ.አ. 1957-58 ጀምሮ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ሲሠራ የኖረው የመግነጢስ መከታተያ ጣቢያ ለዘርፉ ምርምር ልዩ ጠቀሜታ አለው። በሰሜን ሰማዩን የሚያበራው ማዕበል በአዲስ አበባ የሚገለጸው በመሣሪያ ላይ በሚመዘገብ የመግነጢስ መዋዠቅ ነው።

የምሽቱ መርሐ ግብር

የምሽት ጉብኝቶቹ በሁለት ይከፈላሉ። የመጀመሪያው በአንድ ቋሚ ካምፕ የሚካሄድ ነው። እንግዶች አብዛኛውን ጊዜ ምሽት 12 ሰዓት አካባቢ ከመሃል ከተማ ተነስተው ከከተማው መብራት ርቆ ወደሚገኝ ሥፍራ ይወሰዳሉ። እዚያም ሬንዲር የተባሉትን የአጋዘን ዝርያዎች ይመግባሉ፣ በእንስሳቱ በሚጎተት የበረዶ ጋሪ ሊጓዙም ይችላሉ። ከዚያም እራት ይቀርባል፣ ቀሪው ጊዜ ሰማዩን በመጠባበቅ ያልፋል። ወደ ከተማ የሚመለሱት እኩለ ሌሊት ገደማ ነው።

ሁለተኛው ብርሃኑን ፍለጋ ከቦታ ቦታ መዘዋወር ነው። አስጎብኚው የደመናውን ሁኔታ እየተከታተለ ሰማዩ ወደ ጠራበት ይነዳል። የባሕሩ ዳርቻ በደመና ሲሸፈን ወደ ፊንላንድ ድንበር በሚወስደው መንገድ ላይ የሚገኘው የሺቦትን ሸለቆ ብዙ ጊዜ ጥርት ያለ ሰማይ ይኖረዋል። ጉዞው ድንበር ሊሻገር ስለሚችል እንግዶች ፓስፖርት እንዲይዙ ይመከራል። በዚህ ዓይነቱ ጉዞ እራቱ ቀለል ያለ ሆኖ፣ በመንገድ ዳር በተቀጣጠለ እሳት ላይ የሚሞቅ ሾርባና ትኩስ መጠጥ ሊሆን ይችላል።

በሁለቱም ዓይነት ጉዞዎች በርካታ ድርጅቶች ብርድ የሚከላከል ሙሉ ልብስና ጫማ ለእንግዶቻቸው ያቀርባሉ። ለሰዓታት ሳይንቀሳቀሱ መቆም ከመራመድ ይልቅ ሰውነትን ስለሚያቀዘቅዝ፣ ልብሱም ሆነ ትኩሱ ምግብ የደኅንነት ጉዳይ እንጂ የቅንጦት አይደለም።

እራቱና አስተናጋጆቹ

በካምፖቹ እራቱ የሚቀርበው አብዛኛውን ጊዜ ላቩ በተባለው የሳሚ ሕዝብ ባህላዊ ድንኳን ውስጥ ነው። ላቩ ረጃጅም እንጨቶች ጫፋቸው ተጋጥሞ የሚተከል፣ ሹል አናት ያለው ድንኳን ሲሆን፣ መካከሉ ላይ ምድጃ፣ አናቱ ላይ ደግሞ የጭስ መውጫ አለው። እንግዶች እሳቱን ከበው በሬንዲር ቆዳ በተሸፈነ መቀመጫ ላይ ይቀመጣሉ። ዋናው ምግብ ቢዶስ ይባላል። የሬንዲር ሥጋ ከድንችና ከካሮት ጋር በዝግታ የሚቀቀልበት ወጥ ሆኖ በሳሚዎች ዘንድ በሠርግና በታላላቅ በዓላት የሚቀርብ ነው። ሥጋ ለማይበሉ እንግዶች የአትክልት ሾርባ ይዘጋጃል። በመጨረሻም ቡና ይቀርባል።

ሳሚዎች በኖርዌይ፣ በስዊድን፣ በፊንላንድና በሩሲያ ሰሜናዊ ክፍል የሚኖሩ ነባር ሕዝቦች ናቸው። በኖርዌይ የሳሚ የሬንዲር እርባታ አካባቢዎች ሬንዲር የማርባት መብት የሳሚዎች ብቻ እንዲሆን በሕግ ተደንግጓል። ከእራት በኋላ አስተናጋጆቹ ስለ እርባታ ሕይወት ያወጋሉ፣ ዮይክ የተባለውን ባህላዊ ዜማም ያሰማሉ። ልጆች ወደ ሰሜን ብርሃን እንዳያፏጩ ይከለከሉበት የነበረው ጥንታዊ እምነትም በወጋቸው ውስጥ ይነሳል።

ይህ መስተንግዶ በቀላሉ የተገኘ አይደለም። የኖርዌይ መንግሥት ለረጅም ዘመን በተከተለው የማዋሃድ ፖሊሲ ሳሚዎች በትምህርት ቤት ቋንቋቸውን እንዳይጠቀሙ ተደርገው ነበር። የሳሚ ፓርላማ በካራሾክ ከተማ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1989 ሲሆን፣ የእውነትና ዕርቅ ኮሚሽን ሪፖርቱን በ2023 አቅርቧል። የኖርዌይ ፓርላማም በኖቬምበር 2024 ስለ ፖሊሲው ይፋዊ ይቅርታ ጠይቋል።

ስለዚህ ድንኳኑን፣ አልባሳቱንና ዜማውን ለንግድ የሚያቀርበው ማን ነው የሚለው ጥያቄ ክብደት አለው። በጎረቤት ፊንላንድ ሳሚ ያልሆኑ ሰዎች የሳሚን ልብስ ለብሰው ቱሪስት ማስተናገዳቸው ለዓመታት ቅሬታ ሲያስነሳ ቆይቷል። የዚያች አገር የሳሚ ፓርላማ እ.ኤ.አ. በ2018 ኃላፊነት ለተሞላበት የሳሚ ቱሪዝም የሥነ ምግባር መርሆዎችን ያጸደቀው ይህንኑ ለማስተካከል ነው። የእርባታ ቤተሰቦች ራሳቸው የሚያስተናግዱበት ካምፕ ግን ተጨማሪ ገቢ ያስገኝላቸዋል። በክረምት ዝናብ ጥሎ በረዶው ላይ ሲረጋ እንስሳቱ ከሥሩ ያለውን ግጦሽ ማግኘት ስለሚሳናቸው አርቢዎች መኖ ለመግዛት ይገደዳሉና፣ ይህ ገቢ ትርጉም አለው።

የሚሰጠው ተስፋና እውነታው

የብርሃኑን ጥንካሬ ለመተንበይ ከ0 እስከ 9 የሚደርስ ኬፒ የተባለ መለኪያ ጥቅም ላይ ይውላል። ከምድር 1 ነጥብ 5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ያሉ ሳተላይቶች የፀሐይን ንፋስ ለክተው የሚልኩት ማስጠንቀቂያ ከ15 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት ገደማ ብቻ የቀደመ ነው። በመሆኑም ከወራት በፊት ትኬት ለሚቆርጥ መንገደኛ ብርሃኑን በተወሰነ ምሽት አሳይሃለሁ ብሎ ቃል መግባት የሚችል የለም። በትሮምሶ ደግሞ ብዙ ጊዜ ዋናው እንቅፋት የፀሐይ እንቅስቃሴ መድከም ሳይሆን ደመና ነው።

የፀሐይ እንቅስቃሴ በ11 ዓመት ገደማ ዑደት ከፍና ዝቅ ይላል። እ.ኤ.አ. በሜይ 2024 የተከሰተው ማዕበል ከ2003 ወዲህ ከታዩት ሁሉ ብርቱው ሲሆን፣ በወቅቱ ኦሮራ ከተለመደው ሥፍራ እጅግ ርቆ ታይቷል።

ሌላው መታወቅ ያለበት በፎቶግራፍና በዓይን መካከል ያለው ልዩነት ነው። ካሜራ ለበርካታ ሴኮንዶች ብርሃን ሊያጠራቅም ስለሚችል ቀለሙን አጉልቶ ያሳያል። ደካማ ኦሮራ ለዓይን ግራጫ ደመና ሊመስል ይችላል። በማስታወቂያ ላይ ያለውን ምስል ብቻ አይቶ የመጣ እንግዳ ብርሃኑን እያየም ሊከፋ የሚችለው ለዚህ ነው። ጥንቃቄ የሚያደርጉ አስጎብኚዎች ይህን አስቀድመው ያስረዳሉ። አንዳንዶቹም ብርሃኑ ሳይታይ ለቀረበት እንግዳ በቅናሽ ዋጋ ሁለተኛ ጉዞ ያዘጋጃሉ። ሰማዩ በደመና ተሸፍኖ የሚያልፍ ምሽትም አለ፤ በዚያን ምሽት ለእንግዳው የሚቀርለት እራቱ፣ እሳቱና ወጉ ነው።

ደኅንነትና አስተዳደር

የጉብኝቱ ትልቁ አደጋ መንገድ ላይ ነው። ጉዞው በጨለማ፣ በበረዷማና በጠባብ መንገድ፣ አሽከርካሪው ወደ ሰማይ ለማየት በሚፈተንበት ሁኔታ ይካሄዳል። በኖርዌይ መንገደኞችን በክፍያ ማጓጓዝ ፈቃድ የሚጠይቅ ሥራ ነው። እንግዶችን በመንገድ ዳር የሚያወርዱ አስጎብኚዎችም ብርሃን የሚያንጸባርቅ ሰደርያ እንዲለብሱ ያደርጓቸዋል።

እ.ኤ.አ. በ1957 የወጣው የኖርዌይ ሕግ ማንኛውም ሰው ባልታረሰ መሬት ላይ በነጻ እንዲንቀሳቀስ ይፈቅዳል። ሕጉ በወጣበት ጊዜ ግን በየምሽቱ በአውቶቡስ የሚመጣ እንግዳ አልነበረም። የቱሪስቱ ቁጥር ሲጨምር በመኖሪያ ቤቶች አቅራቢያ መኪና ማቆም፣ የሕዝብ መጸዳጃ እጥረት፣ የቆሻሻ አወጋገድና መኖሪያ ቤቶችን ለአጭር ጊዜ ለቱሪስት ማከራየት በነዋሪዎች ዘንድ ቅሬታ አስከትለዋል።

ለዚህ ዓይነቱ ጫና ምላሽ የኖርዌይ ፓርላማ እ.ኤ.አ. በ2025 ባጸደቀው ሕግ፣ ቱሪዝም የሚበዛባቸው ማዘጋጃ ቤቶች በአዳር ክፍያ ላይ እስከ 3 በመቶ የሚደርስ የጎብኚዎች መዋጮ እንዲያስከፍሉ ፈቅዷል። ገንዘቡም ከቱሪዝም ጋር ለተያያዙ የጋራ አገልግሎቶች እንዲውል ተደንግጓል።

የትሮምሶ ተሞክሮ እንደሚያሳየው፣ ለገበያ አይመችም ተብሎ የተተወ ወቅትም በአግባቡ ከተያዘ የሥራና የገቢ ምንጭ ሊሆን ይችላል። ኃላፊነቱ ግን በሁለት ወገን ነው። አስጎብኚው ሊያቀርበው የማይችለውን ቃል ባለመግባትና ሊያቀርበው የሚችለውን ባለማጓደል፣ አስተዳደሩ ደግሞ መንገዱን፣ ፈቃዱንና የነዋሪውን ሰላም በመጠበቅ ድርሻቸውን መወጣት ይጠበቅባቸዋል።