ዲኤልሲን «ቅጥያ» እንበለው፦ የጌም ገበያ ስሞች ለገዢው ምን ይነግሩታል?

በቪዲዮ ጌም ገበያ «ዲኤልሲ» የሚባለው ከዋናው ጌም ተለይቶ የሚቀርብ ጭማሪ ነው፤ አዲስ ምዕራፍ፣ አዲስ ገጸ ባሕርይ ወይም ልብስ ሊሆን ይችላል። የእንግሊዝኛው ምሕጻረ ቃል ሲዘረዘር «በዳውንሎድ የሚገኝ ይዘት» ማለት ነው። ይህን ቃል በቃል ብንወስደው ስለ ዕቃው ሳይሆን ስለሚመጣበት መንገድ ብቻ ይነግረናል። «ተጨማሪ ይዘት» ብንለው ደግሞ ከገበያ እንደሚሰጥ ምርቃት በነጻ የተጨመረ ያስመስለዋል። ስለዚህ «ቅጥያ» የሚለውን እመርጣለሁ። ቅጥያ የሚቀጠልበት ነገር ከሌለ ብቻውን አይቆምም፤ ዲኤልሲም ዋናው ጌም ከሌለ አይሠራም። ገንዘብ የሚከፍል ሰው አስቀድሞ ማወቅ ያለበትም ይህንኑ ነው።

የመምጫ መንገድን ስም ማድረግ እንዴት እንደሚያሳስት ከስትሪት ፋይተር ኤክስ ቴከን መረዳት ይቻላል። ጌሙ እ.ኤ.አ. በ2012 ሲወጣ በዲኤልሲነት ሊሸጡ የታሰቡ 12 ተፋላሚዎች ቀድሞውኑ ዲስኩ ላይ ተቆልፈው እንደተቀመጡ ተጫዋቾች ደረሱበት። አምራቹ ካፕኮም ይዘቱ ዲስኩ ላይ ተቆልፎ መቆየቱም ሆነ በኋላ በዳውንሎድ መምጣቱ በተግባር ልዩነት የለውም ሲል መለሰ። ልዩነት ከሌለው ግን ስሙ ስለ ዕቃው ምንም አልተናገረም ማለት ነው። የስሙ ስፋትም ሌላ ችግር ነው። በ2006 ኦብሊቪየን ለተባለው ጌም በ2.50 ዶላር የተሸጠው የፈረስ ጥሩርም፣ በ2016 ለዊቸር 3 የወጣው፣ አዲስ አገርና ረጅም ታሪክ ያለው «ብለድ ኤንድ ዋይን»ም በአንድ ስም ይጠራሉ። የዊቸር 3 አምራች ሲዲ ፕሮጀክት ግን 16 ትንንሽ ጭማሪዎችን በነጻ ሰጥቶ፣ በዋጋ የሸጣቸውን ሁለት ትልልቅ ሥራዎች በሌላ ስም ለያቸው። እኛም «ትንሽ ቅጥያ» እና «ታሪክ ያለው ቅጥያ» ብለን መለየት እንችላለን።

ቅጥያዎች ከዋናው ጌም ጋር ተሰብስበው በአንድ ዋጋ ሲሸጡ «ጥቅል» የሚለው ቃል በቂ ነው። የሞባይል ኢንተርኔት ጥቅል ስንገዛ መጠኑና የሚያበቃበት ጊዜ አብሮ ይነገረናል፤ የጌም ጥቅሎች ግን «ጎልድ»፣ «ዴሉክስ»፣ «አልቲሜት» በሚል ማዕረግ ይሸጣሉ። የሲቪላይዜሽን 5 «ጎልድ» ጥቅል በ2013 መጀመሪያ ወጣ፤ በዚያው ዓመት ጁላይ ግን ጥቅሉ ያላካተተው «ብሬቭ ኒው ወርልድ» የተባለ ትልቅ ቅጥያ ለብቻው ገበያ ላይ ዋለ። «ሲዝን ፓስ» (የወቅት ማለፊያ) የሚባለው ደግሞ ከስሙ በወቅቱ የሚወጣውን ቅጥያ ሁሉ የሚሸፍን ይመስላል። የቦርደርላንድስ 2 ሲዝን ፓስ ግን አራት ታሪክ ያላቸውን ቅጥያዎች ሲሸፍን፣ ሁለቱ አዳዲስ ገጸ ባሕርያት ውጭ ቀሩ። ገዢው ብዙውን ጊዜ የሚከፍለው ገና ላላየው ሥራ ስለሆነ ትክክለኛ ስሙ «የቅድሚያ ክፍያ ጥቅል» ነው። «የዓመቱ ምርጥ ጌም» የሚለውም የሽልማት ስም ቢመስልም ሽልማቱን የሚሰጥ አንድ ባለሥልጣን አካል የለም። የቦርደርላንድስ 2 ጥቅል ይህን ስም ይዞ በ2013 ሲሸጥ «ሄድሃንተር» የተባሉትን ቅጥያዎች አላካተተም።

ዝርዝሩ ከስሙ ሥር ተጽፎ ሳለ ስሙ ምን ይጎዳል የሚል ይኖራል። ዝርዝሩ የተካተተውን ይነግራል፤ የቀረውን ግን እምብዛም አይነግርም። ከፋዩም ብዙ ጊዜ የጌሙን ዓለም የማያውቅ ወላጅ ነው፤ እሱ የሚያምነው ስሙን ነው። አምራቹ ወደፊት ምን እንደሚሠራ አስቀድሞ ማወቅ አይችልም የሚለው ክርክርም እውነትነት አለው። ይሁን እንጂ የማያውቀውን «ሙሉ» ብሎ ከመሰየም «እስከዚህ ቀን የወጡ ቅጥያዎች» ብሎ መጻፍ አያቅተውም። ተጫዋቹ የእንግሊዝኛውን ቃል ለምዶታል ለሚሉም፣ ቃሉን መልመድ ምን እየገዙ እንደሆነ ማወቅ አይደለም እላለሁ።

ስም ማረም የሚቻል መሆኑ ታይቷል። የአውሮፓ ኮሚሽን ውስጣዊ ክፍያ ያለባቸው ጌሞች «ነጻ» መባላቸውን ከተቃወመ በኋላ፣ አፕል በ2014 «ነጻ» የሚለውን የመደብሩን ቁልፍ «ውሰድ» በሚል ትርጉም ባለው ቃል ተካው። የሂትማን አምራች አይኦ ኢንተራክቲቭም በ2023 ገዢን ያደናግሩ የነበሩትን በርካታ የሽያጭ አማራጮች ወደ አንድ ዋና ጌምና አንድ ተጨማሪ ጥቅል አጠቃለላቸው። ስለ ጌም በአማርኛ የምትጽፉና የምትተረጉሙ ሁሉ የሻጩን ማዕረግ ከመገልበጥ ይልቅ ቅጥያውን ቅጥያ፣ ቅድሚያ ክፍያውን ቅድሚያ ክፍያ በሉት። የምትገዙም ከመክፈላችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ዋናው ጌም አብሮ አለ ወይ? የትኞቹ ቅጥያዎች ተካተዋል? የትኞቹስ ቀርተዋል?