ከሃያ ቀን ስምንቱ

ከሃያ ሁለት በስተሰሜን የእንግሊዝ ኤምባሲ ሰፊ ቅጥር ግቢ ይገኛል። ቦታውን ለእንግሊዞች የሰጡት ዐፄ ምኒልክ ናቸው። ስመ ጥሩው ተጓዥ ዊልፍሬድ ቴሲገርም እ.ኤ.አ. በ1910 የተወለደው በዚሁ ግቢ ነው። በዛፎቹ መካከል ባለ 9 ጉድጓድ የጎልፍ ሜዳ እንዳለ ግን በአጥሩ ሥር በታክሲ የሚያልፈው መንገደኛ ብዙም ልብ አይለው።

እኔ የባንክ ሠራተኛ ነኝ፤ ጎልፍ ተጫውቼ አላውቅም። ቀልቤን የሳበው ኳሱ ሳይሆን ሒሳቡ ነው። በጎልፍ ጥቂት መትቶ የጨረሰ ያሸንፋል፤ ደካማው ከብርቱው ጋር እንዲገጥም ከምቱ ላይ የሚቀነስለት ቁጥር ደግሞ ሃንዲካፕ ይባላል።

ቃሉ የመጣው ከልውውጥ ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ ሁለት ሰዎች ዕቃ ሲለዋወጡ ሦስተኛው ዳኛ ሆኖ ጭማሪውን ይቆርጥ ነበር። ተለዋዋጮቹ እጃቸውን ባርኔጣ ውስጥ ከትተው ሲያወጡ መስማማታቸው ወይም አለመስማማታቸው ይታወቃል። «እጅ በባርኔጣ» የሚለው አነጋገር አጥሮ ሃንዲካፕ ሆነ። በሬ በበሬ ለውጦ ጭማሪውን በሽማግሌ ያስቆረጠ ባላገር ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አያሻውም። ቃሉ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ፈረስ ግልቢያ ተሻገረ፤ ፈጣኑ ፈረስ ተጨማሪ ክብደት ተሸከመ። በ19ኛው መገባደጃ ደግሞ ጎልፍ ወረሰው።

ለአገር ሁሉ የሚሆን ወጥ ስሌት በማበጀት የቀደሙት ሴቶች ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1893 በብሪታንያ የተቋቋመው የሴቶች ጎልፍ ማኅበርና ጸሐፊው ኢሴት ፒርሰን። አሜሪካኖች በ1911 የራሳቸውን አወጡ። በ2020 በዓለም ላይ የነበሩት ስድስት ሥርዓቶች ወደ አንድ ተጠቃለሉ።

አሁን ወደ ስሌቱ እንግባ። ከተጫዋቹ የመጨረሻ 20 ውጤቶች ምርጥ 8ቱ ብቻ ተመርጠው አማካያቸው ይወሰዳል፤ የሜዳው ክብደትም ይታሰባል። ለምሳሌ ደረጃው 72 በሆነ መካከለኛ ሜዳ የአንድ ሰው የ20 ቀን አማካይ 95፣ የምርጥ 8ቱ አማካይ 90 ቢሆን፣ ሃንዲካፑ 18 ይሆናል እንጂ 23 አይሆንም። ስለዚህ በአብዛኛው ቀን ከቁጥሩ በታች ይጫወታል፤ ይህ የስሌቱ ስሕተት አይደለም። ሃንዲካፕ የሚናገረው ሰውየው ዘወትር የሚያደርገውን ሳይሆን ማድረግ የሚችለውን ነውና። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ሁሉም ቀን ቢቆጠር ሆን ብሎ እየተበላሸ ቁጥሩን የሚያሳድግ ተንኮለኛ ይበዛ ነበር። ጥሩ ውጤትን ግን ማስመሰል አይቻልም።

አባቶቻችን ለዚሁ ችግር ሌላ መላ ነበራቸው። በገና ዕለት ሩር ሲመታ ጌታና ሎሌ በአንድ ሜዳ ይሰለፋሉ፤ ጌታው ቢመታም ቢፎተትም አይቆጣም። በዚያ ሜዳ እኩልነት የሚገኘው ማዕርግን ለአንድ ቀን በመርሳት ነው። በጎልፍ ግን እኩልነት የሚገኘው በማስታወስ፣ ያውም መርጦ በማስታወስ ነው።

ይህ መርጦ ማስታወስ ነው ከሥራዬ ጋር የሚያጣላኝ። በብድር መዝገብ ላይ ደንበኛው በጊዜው የከፈለባቸው ወራት ዝም ይላሉ፤ የሚጮኸው ያዘገየበት ወር ነው። ባንክ እንዲህ ማድረጉ አያስወቅሰውም፤ የሚያበድረው የሌላውን አስቀማጭ ገንዘብ ነውና የከፋውን ቀን ማሰብ ግዴታው ነው። ነገር ግን ይህ የመዝገብ ዓይን ከቢሮ ወጥቶ ወደ ቤት ሲገባ አያለሁ። ወዳጅን ባስቀየመን አንድ ቀን፣ ወንድምን በወደቀበት አንድ ዓመት እንመዝናለን።

ብድር ሲሰጥ ክፉው ቀን ይቆጠር። ሰው ለሰው ሲመሰክር ግን ከሃያው ስምንቱን መርጦ «ይህ ሰው እዚህ ድረስ መድረስ ይችላል» ማለት ውሸት አይደለም። ይህም በቁጥር የተደገፈ ሚዛን ነው።