ነፋስና ጎተራ፤ የልብ ወለድ ደራሲ ትግል በታሪካችን

በአዲስ አበባ ከተማ በስተደቡብ በኩል ነፋስ ስልክ የሚባል ሠፈር አለ። ነፋስ ስልክ ማለት ሽቦ ሳይዘረጋለት ቃልን በአየር የሚያስተላልፍ መሣሪያ ማለት ነው፤ አባቶቻችን ይህን እንግዳ ነገር ባዩ ጊዜ ከቋንቋቸው የሚስማማውን ስም መርጠው ሰጡት። ከዚያው አቅራቢያ ደግሞ ታላላቅ የእህል ጎተራዎች የቆሙበት፣ በስማቸውም ጎተራ የተባለ ሠፈር ይገኛል። ሁለቱ ስሞች ጎረቤት የሆኑት በአጋጣሚ ነው፤ ሆኖም ስለ ድርሰት ለሚያስብ ሰው አንድ ቁም ነገር ያስታውሱታል። ነፋስ የተቀበለውን ቃል ይዞ ይሄዳል፤ ጎተራ ግን የተሰጠውን ለክፉ ቀን ያቆያል። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው የቆየ ብሂልም ይህንኑ ይነግረናል።

በየመሥሪያ ቤቱና በየትምህርት ቤቱ «በሆዴ ያለውን ታሪክ ብጽፈው አንድ መጽሐፍ ይወጣው ነበር» የሚል ሰው ብዙ ነው። እንዲህ ያለው ሰው ታሪኩን በቡና ላይ ሲያወራው ለሰሚው ይጥማል፤ የሚስቀው ይስቃል፣ የሚያዝነውም ያዝናል። ነገር ግን ያው ሰው ማታ ወረቀት ዘርግቶ ብዕር በጨበጠ ጊዜ የመጀመሪያውን ዐረፍተ ነገር ይጽፋል፣ ይሰርዛል፣ እንደገና ይጽፋል፤ በመጨረሻም «ጊዜ ሳገኝ እመለስበታለሁ» ብሎ ወረቀቱን ያጥፈዋል። አብዛኛው ሰው ይህን ችግር የስንፍና ወይም የተሰጥዖ ማነስ አድርጎ ይቈጥረዋል። የሥነ ጽሑፋችንን ጉዞ ወደ ኋላ ተመልሰን ብንመረምር ግን ችግሩ ከአንድ ሰው ጠባይ የሰፋ፣ የራሱም ታሪክ ያለው ሆኖ እናገኘዋለን።

በጥንቱ ሥርዓታችን መድረስና መጻፍ የተለያዩ ሙያዎች ነበሩ። የቅኔ ተማሪ ቅኔውን የሚቈጥረው በልቡ ነው። ከሰው ራቅ ብሎ ይቀመጥና ቃሉን ከምሥጢሩ፣ ሰሙን ከወርቁ ያስማማል፤ ሲሞላለትም ከመምህሩ ፊት ቀርቦ በአንደበቱ ይናገረዋል። በበዓል ቀን በማኅሌት የሚቀርበውም ቅኔ ለዚያው ዕለት የተዘጋጀ ስለ ሆነ፣ ከሰሚዎቹ መካከል በልቡ የያዘው ሰው ካለ ይቆያል፤ ከሌለም ከዕለቱ ጋር ያልፋል። በሌላው ወገን ቁም ጸሐፊው ብራና ፍቆ፣ ቀለም በጥብጦ፣ ብርዕ ቀርጾ፣ ሌሎች የደረሱትን መጽሐፍ በጥንቃቄ ይገለብጣል። አንድ ዳዊት ጽፎ ለመጨረስ ወራት ይፈጅበታል። እንግዲህ የመጀመሪያው ባለሙያ የሚሠራው በአእምሮና በአንደበት፣ ሁለተኛው የሚሠራው በእጅ ነበር። ተረት ነጋሪውና አዝማሪውም ወረቀት የሚያስፈልጋቸው ሰዎች አልነበሩም።

የነገሥታትን ዜና መዋዕልና የቅዱሳንን ገድል በራሳቸው አነጋገር የጻፉ ሊቃውንት እንደ ነበሩ አይካድም። ቢሆንም እነርሱ የሚጽፉት የተደረገውን ወይም የታመነውን ነገር ነበር፤ የታሪኩ መንገድ አስቀድሞ ተጠርጎላቸዋል። ልብ ወለድ ግን ስሙ እንደሚያስረዳው ልብ የወለደው ነገር ነው። የልብ ወለድ ደራሲ እንደ ባለቅኔው ከልቡ ይፈጥራል፣ እንደ ቁም ጸሐፊውም ለወራት ምናልባትም ለዓመታት ብቻውን ተቀምጦ ይጽፋል። ለዘመናት ተለያይተው የኖሩ ሁለት ሙያዎች በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ወደቁ ማለት ነው። በቡና ላይ ያወራነው ታሪክ በወረቀት ላይ እንቢ የሚለን አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ከአድማጭ ፊት የሚናገር ሰው ዐይን ያግዘዋል፣ ሳቅ ያበረታዋል፣ ጥያቄ ይመራዋል፤ የሚጽፈው ሰው ግን እነዚህን ሁሉ ከራሱ ማውጣት አለበት።

በአማርኛ የመጀመሪያው ልብ ወለድ መጽሐፍ የታተመው በ1900 ዓ.ም. ሲሆን፣ የታተመውም በሮማ ከተማ ነው። ደራሲው አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በዘጌ የተወለዱ፣ ሥዕል የተማሩ፣ በጣሊያን አገርም አማርኛ ያስተማሩ ሰው ነበሩ። «ልብ ወለድ ታሪክ» ብለው የሰየሙት ይህ መጽሐፍ ኋላ «ጦቢያ» በሚል ስም ታወቀ። መጽሐፉ ከአገር ውጭ መታተሙ ብዙ የሚያስደንቅ አይደለም፤ ማተሚያ መኪና፣ ወረቀትና ለኅትመት መጻፍን የለመደ እጅ በአንድ ስፍራ የተገናኙት በዚያ ነበርና። በ1914 ዓ.ም. የብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ከተቋቋመ ወዲህ ግን በአገር ውስጥም መንገዱ እየሰፋ ሄደ። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ «ወዳጄ ልቤ»ን በ1915፣ «አዲስ ዓለም»ን በ1925 ዓ.ም. አሳተሙ። እኚህ ሰው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር እንደ ነበሩ አንባቢ ያስታውሳል። ከጠላት ወረራ በኋላም ከታወቁት ደራሲያን አንዱ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ራስ ቢትወደድ መኰንን እንዳልካቸው ነበሩ። እንግዲህ ሥራ የበዛበት ሰው ድርሰት ሊጽፍ አይችልም የሚለው ሐሳብ በእኛ አገር ታሪክ ድጋፍ የለውም።

ለዚህ ከሁሉ የሚበልጠው ምስክር ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ ናቸው። በጎጃም ተወልደው በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት የተማሩ ስለ ሆነ፣ በልብ መድረስን ከምንጩ ቀድተዋል። በጠላት ወረራ ዘመን ከልዑል ራስ እምሩ ጋር ከዘመቱ በኋላ ተማርከው በጣሊያን አገር ለዓመታት ታሰሩ። ከነጻነት በኋላም በኢየሩሳሌም፣ በአሜሪካ፣ በተባበሩት መንግሥታት፣ ቀጥሎም በለንደን አገራቸውን ወክለው ሠሩ። የወጣትነት ዘመናቸውን የጎጃም ኑሮ፣ የቆሎ ተማሪውንና የባላባቱን ቤት ይዘው ባሕር ተሻገሩ፤ «ፍቅር እስከ መቃብር» በመጽሐፍ የወጣው ግን በ1958 ዓ.ም.፣ ዕድሜያቸው ከሃምሳ ዓመት ካለፈ በኋላ ነው። ከ500 ገጽ የሚበልጥ መጽሐፍ በአንድ ሌሊት መንፈስ አይጻፍም። የአምባሳደርነቱ ደብዳቤና ስብሰባ ሳይቋረጥ፣ ገጹ በገጽ ላይ እየተደራረበ የተሠራ ነው። ታሪኩ ለረጅም ዘመን በልብ መቆየቱ አልጎዳውም፤ የሚጎዳው በልብ እንደ ተያዘ ከባለቤቱ ጋር ወደ መቃብር ቢወርድ ነበር።

ለንደንን ካነሣን ዘንድ በዚያው አገር በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት የኖረውን አንቶኒ ትሮሎፕን እንጥቀስ። ትሮሎፕ የፖስታ ቤት ሹም ነበር። በየቀኑ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ከጠረጴዛው ይቀመጥና ሰዓቱን ከፊቱ አኑሮ በየሩብ ሰዓቱ 250 ቃላት ይጽፍ ነበር፤ ከዚያ ቁርሱን በልቶ ወደ ሥራው ይሄዳል። በዚህ አኳኋን 47 ልብ ወለዶችን ጽፎ አልፏል። ይህን በራሱ የሕይወት ታሪክ ላይ በገለጸ ጊዜ ብዙዎች ጥበብን ከጫማ ስፌት ጋር አስተካከለ ብለው አዘኑበት። እኛ ግን ከቁም ጸሐፊው ሥርዓት ጋር ስናስተያየው ብዙ እንግዳ አይሆንብንም፤ ቁም ጸሐፊውም መንፈስ እስኪያነሣሣው ሳይጠብቅ በሰዓቱ ተቀምጦ የዕለቱን ያህል ይጽፍ ነበርና።

ከሐዲስ ዓለማየሁ ቀጥሎ በመጣው ትውልድ ደግሞ ጋዜጣ የደራሲ ትምህርት ቤት ሆነ። በዓሉ ግርማ በመነን፣ በአዲስ ሪፖርተር፣ በአዲስ ዘመንና በኢትዮጵያን ሄራልድ አዘጋጅነት ሠርተዋል። የጋዜጣ ሥራ ለነገ አይባልም፤ ገጹ በሰዓቱ መሙላት አለበት። እኚህ ሰው «ከአድማስ ባሻገር» ከወጣበት ከ1962 ዓ.ም. አንሥቶ እስከ 1975 ዓ.ም. ባሉት 13 ዓመታት ውስጥ 6 ልብ ወለዶችን ለአንባቢ ማቅረባቸው ከዚህ ልምድ ጋር የተያያዘ ይመስለናል። ከእነዚህም አንዱ «ደራሲው» የተባለው፣ ሲራክ የሚባል ደራሲን ዋና ባለታሪኩ ያደረገና የጸሐፊን መከራ ራሱን የልብ ወለድ ርእስ ያደረገ መጽሐፍ ነው።

በ1974 ዓ.ም. የተደረገውን የቀይ ኮከብ ዘመቻ ከቅርብ የተመለከቱት በዓሉ፣ «ኦሮማይ»ን በ1975 ዓ.ም. አወጡ። ሐዲስ ዓለማየሁ ትዝታቸው እስኪበስል ታገሡ፤ በዓሉ ግን ትኩሱን ሳይበርድ ጻፉት። መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ፤ እርሳቸውም በማስታወቂያ ሚኒስቴር ከነበራቸው ከፍተኛ ሥራ ተሰናበቱ። የካቲት 6 ቀን 1976 ዓ.ም. ከቤታቸው እንደ ወጡ አልተመለሱም። መኪናቸው ከነፋስ ስልክ በስተደቡብ፣ ወደ ደብረ ዘይት በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ቃሊቲ አካባቢ ቆማ ተገኘች። ሰውየው ጠፉ፤ የጻፉት ግን አልጠፋም። «ኦሮማይ» ዛሬም ይነበባል።

ለመጻፍ ጊዜ ብቻ ሳይሆን ወረቀትም የሚታጣበት ሁኔታ አለ። በደርግ ዘመን በማዕከላዊ እስር ቤት የነበሩት ገጣሚው ነቢይ መኰንን የማርጋሬት ሚቼልን ታላቅ ልብ ወለድ ወደ አማርኛ የመለሱት በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ ነው። ወረቀቱ ወደ 3,000 ያህል ሲሆን፣ ከእስር የሚፈቱ ሰዎች ጥቂት በጥቂት እየደበቁ አወጡት፤ ኋላም «ነገም ሌላ ቀን ነው» ተብሎ ታተመ። የመጽሐፉ የእንግሊዝኛ ስም ነፋስ ይዞት ሄደ እንደ ማለት ነው፤ በዚያ ክፍል ውስጥ ግን ነፋስ የሚወስደውን ቃል በሲጋራ ወረቀት የሚያስቀር ሰው ተገኘ። በኬንያም ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ በ1978 እ.ኤ.አ. በእስር ቤት ሳሉ በኪኩዩ ቋንቋ ልብ ወለድ የጻፉት በመጸዳጃ ወረቀት ላይ እንደ ነበረ ይታወቃል። ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር በፈረንሳይ አገር በተማሪነታቸው ጊዜ የጻፉት «ሌቱም አይነጋልኝ» ደግሞ ማተሚያ ቤት ሳይገባ በእጅ ጽሑፍ ከሰው ወደ ሰው እየተላለፈ ለብዙ ዓመታት ኖሯል። ለኅትመት ያልበቃ ጽሑፍ አንድ ቀን ሊታተም ይችላል፤ ያልተጻፈ ግን ዕድሉ ከቶ የለም።

ከእነዚህ ሰዎች ኑሮ የምንማረው ምንድን ነው? በመጀመሪያ፣ ጊዜ የሚገኝ ነገር ሳይሆን የሚቈረጥ ነገር መሆኑን ነው። ከሥራ በፊት ግማሽ ሰዓት ለይቶ በየቀኑ አንድ ገጽ የሚጽፍ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ በዓመቱ መጨረሻ ከ300 ገጽ በላይ በእጁ ይገኛል። ሁለተኛ፣ ባለቅኔው ሳይሞላለት አለመናገሩ ለቅኔ መልካም ሥርዓት ቢሆንም ለልብ ወለድ ግን አይስማማም። ረጅም ታሪክ በልብ ውስጥ ሞልቶ አያልቅም፤ የሚሞላው በወረቀት ላይ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ጽሑፍ ሻካራ ቢሆን ሊያሳፍር አይገባም፤ ብራናም የሚለሰልሰው ከተወጠረ በኋላ በመፋቅ ነው። ሦስተኛ፣ ታሪክን አስቀድሞ ደጋግሞ ማውራት የመጻፍን ጉጉት ያበርዳል። ለጓደኛ ተነግሮ የተጨበጨበለት ታሪክ ለባለቤቱ የተፈጸመ ይመስለዋል።

መምህራንም በዚህ ረገድ ታላቅ ድርሻ አላቸው። ተማሪ የድርሰት ወረቀቱ በቀይ ብዕር ተሸፍኖ ብቻ ሲመለስለት፣ ከመጻፍ ይልቅ መናገርን ይመርጣል። አስቀድሞ ያሰበውን እስከ መጨረሻው እንዲያወርድ፣ ፊደሉና ነጥቡም ኋላ እንዲታረም ቢደረግ ግን ብዕሩ ከልቡ ጋር መሄድን ይለምዳል። በነፋስ ስልክና በሳሪስ ሠፈሮች ከየክፍለ ሀገሩ መጥተው በፋብሪካ ሲሠሩ ያረጁ እናቶችና አባቶች አሉ። የመጡበትን አገርና ያለፉበትን ዘመን ዛሬ ለልጅ ልጆቻቸው ያወሩታል። ከእነዚያ ልጆች አንዱ ካልጻፈው ይህ ሁሉ ምን ይሆናል?

«ፍቅር እስከ መቃብር» ከታተመ ከዓመታት በኋላ ተዋናይ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ እየተረኩ ለሕዝብ አሰሙት። ፊደል ያልቈጠረው ገበሬና የቤት እመቤት ሳይቀሩ ስለ በዛብህና ስለ ሰብለ ወንጌል አዘኑ። ከጎጃም አንደበት የተነሣው ታሪክ በአንድ ሰው ልብ አርፎ፣ በእጁ ወደ ወረቀት ወርዶ፣ እንደገና ቃል ሆኖ ያለ ሽቦ በአየር ላይ ወደ ሁሉም ቤት ገባ። ተራኪው ያን ቀን በእጃቸው የያዙት መጽሐፍ ባይኖር ኖሮ ሬዲዮው የሚያሰማው ነገር አልነበረውም።